ከዚያ በላይ አትጠይቅ

ስማችሁን እስከ ስንት ድረስ መቁጠር ትችላላችሁ? የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም በየትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ ሁላችሁም ሞልታችኋል። ከዚያስ ቀጥሎ? የቅድመ አያታችሁን ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ? የእናታችሁን እናት፣ የእርሷንም እናት ስም የምታውቁስ?

ዘር መቁጠር በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ “እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል። በብዙ ሕዝቦቻችን ዘንድም ልጅ አባቶቹን ወደ ላይ እየቆጠረ በቃሉ ይማራል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይኸው ልማድ አንዳንዱን ቀና ሲያደርግ ሌላውን እንደሚያስጎነብስ እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ክፍላችን የማቴዎስን ወንጌል ስንጀምር አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ምዕራፍ 1 በትውልድ ዝርዝር ስለሚጀምር፣ “እናንተም የዘር ሐረጋችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፤ ብዙ ትውልድ ለቆጠረ መጽሐፍ እሸልማለሁ” አልኳቸው። በሳምንቱ አንዷ ዘጠኝ ትውልድ ቆጥራ መጣችና ተጨበጨበላት። አንድ ልጅ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ገለጠና አሳየኝ። የእሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው።

“አባቴን ጠየቅሁት፣ መምህር” አለኝ። “‘ከዚያ በላይ አትጠይቅ’ አለኝ።”

ቆየት ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ነገረኝ። አያቱ ከተገዛች ሴት የተወለዱ ናቸው ይባላል። በቤታቸው ይህ ነገር አይነሣም። የታላቅ እህቱ ጋብቻ የቀረውም በዚሁ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ የጠየቁት ቤተ ሰቦች ደግሞ አማኞች ነበሩ።

ያን ቀን የምመልስለት ቃል አጣሁ። የሽልማቱ ነገርም አሳፈረኝ። ልጁ ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ቀጥሎ የማጫውታችሁ ታሪክ ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

የማይገባ ቋንቋ የምትናገር አያት

በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ክራዶክ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። አባቱ አናጺ፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። ኔቪልና ታናናሾቹ የእናታቸውን እናት ሊጠይቁ ሲሄዱ አንድ የሚገርማቸው ነገር ነበር። አያታቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ያጉተመትማሉ። እንግሊዝኛ አይደለም፣ አፍሪካንስ አይደለም፣ ቆሳም አይደለም። ልጆቹ እናታቸውን “አያታችን ምን እያሉ ነው?” ብለው ሲጠይቁ፣ እናታቸው አትጨነቁ፣ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው ብላ ታሳርፋቸው ነበር።

ቋንቋው ኦሮምኛ ነበር። አያቲቱ ቢሾ ጃርሳ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ ተሸጠው የወጡ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ የሚመልስላቸው ሰው በሌለበት አገር፣ በእናታቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ።

ኔቪል ወደ ሃያ ዓመት ሲጠጋው እናቱ ዘራቸው ከኢትዮጵያ እንደሚመዘዝ ነገረችው። እርሷም ብትሆን ዝርዝሩን ሁሉ የምታውቅ አትመስልም ነበር። ልጁ አድጎ ምሁርና የነጻነት ታጋይ ሆነ፤ የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974 ኔልሰን ማንዴላ በነበሩበት በሮቢን ደሴት አሰረው። የአያቱን ታሪክ በሙሉ ያወቀው ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ዕድሜው ሃምሳን ሲያልፍ ነው። እንዴት አወቀ? ከመዝገብ።

መስከረም 1881 ዓ.ም.፣ ቀይ ባሕር

ታሪኩን ከመነሻው እንያዘው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ብዙ ክፍል ድርቅና በሽታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አባቶቻችን “ክፉ ቀን” ብለው የሰየሙት ታላቁ ረኃብ ተከተለ፤ የከብቱ እልቂት እርሻን አቆመ፣ ሰውም እንደ ቅጠል ረገፈ። ቢሾ አባትና እናቷን ያጣችው በዚያ የድርቅና የበሽታ ወራት ነው። ልጅቱ በአባቷ ቤት ከነበሩት ባሪያዎች በአንዱ እጅ ቀረች። ረኃቡ ሲጠና ያ ሰው ቢሾን ለነጋዴዎች ሸጣት። ዋጋዋ ጥቂት በቆሎ ነበር።

ስድስት ሳምንት ያህል ተጉዛ ባሕር ደረሰች። ከብዙ ሕፃናት ጋር በጀልባ ጭነው ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ጅዳ ገበያ ሊያሻግሯቸው ተነሡ። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሦስት የባሪያ ጀልባዎችን ያዘች። የመርከቧ አዛዥ ቻርልስ ጊሲንግ ይባል ነበር። ቢሾ ከጀልባው ወለል በታች ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተጠጋግታ የተኩሱን ድምፅ ሰማች። ነጋዴዎቹ “እንግሊዞች ከያዟችሁ ይበሏችኋል” ብለው አስፈራርተዋቸው ስለነበር ልጆቹ የሚጠብቁት መበላትን ነበር።

በዚያን ቀን 204 ሰዎች ነጻ ወጡ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ወደ ኤደን ተወሰዱ። እስላም የሆኑትን ልጆች የአካባቢው ቤተ ሰቦች ወሰዷቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹን የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን በሼህ ኦትማን ተቀበላቸው። ይህን ሚስዮን የመሠረተው ኢየን ኪዝ-ፋልክነር የተባለ የካምብሪጅ የዓረብኛ ምሁርና ስመ ጥር ብስክሌተኛ ነው። ልጆቹ ከመምጣታቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ገና በ30 ዓመቱ በዚያው በንዳድ ሞቶ ነበር። የተከለው ዛፍ ማንን እንደሚያስጠልል ሳያይ ሄደ።

የኤደን አየር ለልጆቹ አልተስማማም። ዓመቱ ሳያልቅ 11 ልጆች ሞቱ። ስለዚህ ሚስዮናውያኑ ሌላ ስፍራ ፈለጉ፤ በደቡብ አፍሪካ ላቭዴል የሚባል የዚያው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተገኘ። በነሐሴ 1882 ዓ.ም. ቢሾ ያለችበት 64 የኦሮሞ ልጆች ቡድን ላቭዴል ደረሰ።

የተጠየቀ ልጅ፣ የተጻፈ ልጅ

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሼህ ኦትማን የነበሩት ሚስዮናውያን ልጆቹን መግበውና አልብሰው ዝም አላሉም። እያንዳንዱን ልጅ በቋንቋው አስጠይቀው መልሱን ጻፉ። ስምህ ማን ነው? ከየት አገር ነህ? አባትህ ማን ይባላል? እናትህስ? በሕይወት አሉ? ወንድምና እህት አለህ? ቤታችሁ ከብት ነበረው? ማን ወሰደህ? በምን ተሸጥህ? በየትኛው መንገድ ወደ ባሕር መጣህ?

በዓለም ላይ በባርነት ከተሸጡት ሚሊዮኖች መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ያውም ገና በልጅነቱ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ የተጠየቀ እጅግ ጥቂት ነው። በመርከብና በነጋዴ መዝገብ ላይ ሰው የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ዋጋ። በሚስዮናውያኑ መዝገብ ላይ ግን ሕፃኑ የአባቱ ልጅ ሆኖ ተጻፈ። ስም አለው፣ መንደር አለው፣ እናት አለችው።

እነዚህ ወረቀቶች ለብዙ ዘመን ብዙ ሰው ሳያያቸው ኖሩ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ የ64ቱን ልጆች ታሪክ አንድ በአንድ ሰብስበው፣ አነጻጽረውና መንገዳቸውን በካርታ ላይ አስፍረው እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አወጡት። መዝገቡ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም የሚጀምርበት አይኖረውም ነበር።

ቢሾ በላቭዴል መጀመሪያ የሠለጠነችው ለቤት ሠራተኝነት ነበር። ነገር ግን ከኦሮሞ ልጃገረዶቹ መካከል መምህርት ለመሆን የበቁት ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዷ እርሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 በክራዶክ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘች፤ በ1911 ፍሬድሪክ ሼፐርስ ከተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጋር ተጋባች። ጓደኞቿ ወደ አገራችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር፤ ከረጅም ውጣ ውረድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ቢሾ ግን በዚያው ቀረች።

ቢሾ ሴት ልጅ ስትወልድ ስሟን ድምቢቲ አለቻት። ስሙ ለእኛ ጆሮ ድምቢጥ የምንላትን ትንሽ ወፍ ያስታውሳል። በተጨማሪም ልጅቱ “ድምቢቲ ቢሾ” ተብላ ተጠራች። እኛ የአባታችንን ስም እንደምንከተል፣ እርሷ በሰው አገር የእናቷን ስም ተከተለች። ያቺ ድምቢቲ የኔቪል አሌክሳንደር እናት ናት።

ሁለት ዓይነት መዝገብ

የኔቪል ቤተ ሰብ ስም በሌላም መዝገብ ላይ ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ሕግ ሰውን ሁሉ በዘር እየለየ መዘገበ፤ የኔቪልን ቤተ ሰብ “ከለርድ”፣ ማለትም ክልስ ብሎ ጻፋቸው። የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደሚማሩ፣ ማንን እንደሚያገቡ የሚወስነው ይህ ጽሑፍ ነበር። ቤተ ሰቡ ግን ይህን ስም አልተቀበለውም። ዶ/ር ኔቪል የአያታቸውን ታሪክ ሲያገኙ አፍሪካዊነታቸው ከሥሩ እንደጸናላቸው ተናግረዋል።

አንዱ መዝገብ ሰውን ለማሰር ተጻፈ፤ ሌላው ግን “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” ብሎ ጠየቀ። ዛሬም ሁለቱም ዓይነት መዝገብ በመካከላችን አለ። “ዘሩ ምንድን ነው?” ብለን ስንጠይቅ የትኛውን መዝገብ እንደያዝን ራሳችንን እንመርምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶ/ር ኔቪል ከእስር ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞቱ ድረስ ከሁሉ ይልቅ የደከሙበት ሥራ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲማሩ ማድረግ ነበር። አያታቸው የሚያናግራቸው ሰው ያጡ ሴት እንደነበሩ ስናስብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቢሾ አባት ቤት

እስከ አሁን ያለው ታሪክ ለማልቀስም ለማመስገንም የሚመች ነው። በመካከሉ ግን በፍጥነት ያለፍነው አንድ ነገር አለ። ቢሾን የሸጣት ማን ነበር? የአባቷ ባሪያ ነው። እንግዲህ የቢሾ አባት ባሪያ የነበረው ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ምን እንበል? የተሸጠችው ልጅ ሰው ከሚገዛ ቤት የወጣች ናት። ሻጩ ደግሞ ራሱ አንድ ቀን ከእናቱ ጉያ የተነጠቀ፣ ስሙን ማንም ያልጻፈለት ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሾ ተጠይቃ ተጻፈች፤ እርሱን የጠየቀው የለም። ባርነት በአገራችን የአንድ ወገን ብቻ ታሪክ አልነበረም። ነጋዴው ሸጠ፣ ባላባቱ ገዛ፣ በየኬላው ቀረጥ ተቀበሉበት። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአያቶቻችን ዕድሜ የሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ የዘር ሐረጋችሁን ስትፈልጉ የተሸጠ ሰው ብቻ ሳይሆን የሸጠም ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ። ዘጠኝ ትውልድ ቆጥራ ጭብጨባ ያገኘችው እህታችን ከዘጠኙ መካከል ባሪያ ያልገዛ ስንት እንደሆነ ወረቀቱ አይነግራትም። እኔም ብሆን የራሴን አላውቅም። በሁለት ትውልድ ውስጥ ጌታ የባሪያ አባት፣ ባሪያም የመምህር እናት ሲሆኑ በቢሾ ቤት አይተናል። ታዲያ ማን በማን ላይ ይኮራል? ማንስ ከማን ያፍራል?

የጌታ የትውልድ መዝገብ

የማቴዎስን ምዕራፍ 1 አሁን ደግመን እንክፈት። ለአይሁድ አንባቢ መሲሑን የሚያስተዋውቅ ሰው ነውር ያለበትን ስም ቢዘልል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ማቴዎስ ግን ትዕማርን ጻፈ፤ ረዓብን ጻፈ፤ ሞዓባዊቱን ሩትን ጻፈ። ዳዊት ጋ ሲደርስ ንጉሡን ብቻ አሞግሶ አላለፈም፤ ሰሎሞን የተወለደው ከኦርዮ ሚስት መሆኑን አስታወሰ (ማቴ. 1፥3-6)። የተበደለችውም የበደለውም በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው። ጌታችን የተወለደው ከዚህ ሐረግ ነው፤ አንዱንም ስም አላስፋቀም።

መጽሐፍ ቅዱስ የመዝገብን ጥቅም አይንቅም። ከባቢሎን ምርኮ ሲመለሱ የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ያጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ካህናት ነን ይሉ የነበሩትም ስማቸው ስላልተገኘ ከአገልግሎት ታገዱ (ዕዝ. 2፥59-63)። በሌላ በኩል ጳውሎስ ከብንያም ነገድ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ለክርስቶስ ሲል እንደ ጉዳት ቆጠረው (ፊልጵ. 3፥5-8)። ለጢሞቴዎስም መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ክርክር እንዲጠነቀቅ መከረው (1ጢሞ. 1፥4)። ዘርን ማወቅ አልተከለከለም፤ የተከለከለው በዘር መመካትና በዘር መናቅ ነው።

የራሳችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክስ ምን ይላል? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡና በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተማሩ። ሲጠመቁ ከባርነት ቤት ሸሽቶ በጌታ ወንድም የሆነውን የፊልሞናን ኦኔሲሞስን ስም ያዙ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖም እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ያወጣቻት ልጅ ነበረች፤ ቢሾ ከተያዘችበት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያው ባሕር። አስቴር በቃሏ ከያዘችው የእናት ቋንቋዋ ወደ 13,000 የሚጠጉ ቃላት አሰባሰበች፤ ለትርጉሙም ስንቅ ሆነ።

እንግዲህ ቃሉን ለሚሊዮኖች በቋንቋቸው ያደረሱልን የተሸጡ ሰዎች ናቸው። በእነርሱ ትርጉም እየተባረክን የተሸጠች አያት ያለውን ወንድማችንን “ዘሩ ይጣራ” የምንል ከሆነ ምን ዓይነት አማኞች ነን?

እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ?

የዘር ሐረጋችሁን ለመፈለግ የምትነሡ ካላችሁ ጥቂት ምክር ልለግሳችሁ።

መጀመሪያ ከአረጋውያን ጀምሩ፤ ጊዜ አትስጡ። መዝገብ ይቆያል፣ ሰው ግን ያልፋል። አያታችሁን “በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?” ብትሏቸው ላያውቁ ይችላሉ። “ጣሊያን ሲገባ ስንት ልጅ ነበራችሁ? እናትዎ ስለ ኅዳር በሽታ ያወሩ ነበር?” ብትሏቸው ግን ይመልሳሉ። ዓድዋ 1888፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የመሬት አዋጅ 1967፤ እነዚህ ዕድሜ የሚሰላባቸው ችካሎች ናቸው።

ቀጥሎ ወደ ወረቀት ሂዱ። አገር አቀፍ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የአያታችሁን የልደት የምስክር ወረቀት አትጠብቁ። ይልቅ የአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር መዝገብ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የአባልነት መዝገብ ፈልጉ። የወራሽነት ማስረጃ የልጆችን ስም ይዘረዝራል፤ ብዙ ጊዜ የተረሳች ሴት ልጅ የምትገኘው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክርንና በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጎብኙ።

ስምና ዘመን እንዳያሳስቷችሁ ተጠንቀቁ። ሂካ፣ ነሲብና ኦኔሲሞስ አንድ ሰው ናቸው፤ “ሂካ”ን ብቻ የሚፈልግ ሰው በጥምቀት መዝገብ አያገኛቸውም። የውጭ አገር ሚስዮናውያን ስማችንን በሰሙት መጠን ጽፈውታልና ፊደሉ ቢለያይ አትደነቁ። ዘመኑንም አስተውሉ፤ በእነርሱ አቆጣጠር 1888 ብሎ የተጻፈ እንደ ወሩ 1880 ወይም 1881 ሊሆን ይችላል።

አንድ ምስክር አይብቃችሁ፤ ነገር በሁለትና በሦስት ምስክር ይጸናልና (ዘዳ. 19፥15)። አጎት ያሉትን ከአክስት፣ አክስት ያሉትን ከወረቀት ጋር አስተያዩ። ማን እንደነገራችሁና በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ። የእናቶችንም ስም ጻፉ፤ በወንድ ብቻ የሚቆጠር ሐረግ ግማሹን ቤተ ሰብ ይጥላል። ያላገኛችሁትን ስፍራ በግምት አትሙሉት፤ ባዶ ቢሆን ባዶ ይቆይ።

የመጨረሻውና ከባዱ፦ “ከዚያ በላይ አትጠይቅ” የሚል መልስ ስታገኙ አባታችሁን አትጨቃጨቁ፤ አክብሩ፣ ጊዜ ስጡ። ያ ዝምታ ብዙ ጊዜ ውሸት ሳይሆን ቁስል ነው። ልጆቻቸው እንዳይናቁ ብለው የተሸከሙት ሸክም ነው። “አባዬ፣ እኔ አላፍርም” የሚል ቃል ከእናንተ ሲሰሙ ምናልባት ያወርዱት ይሆናል።

ያ ልጅ

ወረቀቱን ኪሱ የደበቀው ልጅ ይህን ታሪክ ከነገርኩት በኋላ አባቱን ደግሞ አልጠየቀም። ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ ግን የአባቱን ታላቅ እህት ለብቻቸው አገኛቸውና ስለ ቢሾ አጫወታቸው። አክስቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም አንድ ስም ነገሩት። አንድ ስም ብቻ፤ የአባት ስም የለውም። ወላጆቿ ያወጡላት ይሁን የገዟት ሰዎች የሰጧት እርሳቸውም አያውቁም። ከየት እንደመጣች አያውቁም። የሚያውቁት ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ታንጎራጉር እንደነበር ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ልጁ ወረቀቱን መልሶ አመጣልኝ። ከአያቱ ስም በላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ያ ስም ተጽፏል። አጠገቡ ባዶ ነው። “ባዶውን ምን ላድርገው?” አለኝ።

እንዳለ ተወው አልኩት። እኛ ያልጻፍነውን የሚያውቅ አለ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ስማቸው በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነግሯቸዋል (ሉቃ. 10፥20)፤ በዚያ መዝገብ ላይ የማንም አባት ስም አልጠፋም።

ሽልማት የሚባለውን ነገር በዚህ ዓመት አስቀርቻለሁ። የቤት ሥራው ግን እንዳለ ነው፤ ለእናንተም ሰጥቻለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁና አያታችሁ ዘንድ ሂዱ። ያገኛችሁትን ሁሉ ያለ ኩራትና ያለ እፍረት ጻፉ።

ጌታ ይባርካችሁ።